ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ላላችሁ የባሕር ዳር ሰዎች

በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ዝርዝሩ ከታች አለ። የግቢያችንን ዛፎች የገረዙልን ልጆች ጎበዞች ናቸው። ውድ ናቸው። ቀጠሮ አያከብሩም። ግን ዛፍ ያውቃሉ። በዚህ ከተማ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ሞልቷል፣ ዛፍ የሚያውቅ ግን ፈልጌ አጥቼ ነበርና ወደፊትም የምጠራው እነሱን ነው።

ቤታችን ሽምብጥ አካባቢ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ግቢው ውስጥ አባቴ የተከላቸው ዛፎች አሉ። አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ከማድ ቤቱ ቆርቆሮ በላይ የተንሰራፋ ዋንዛ፣ ከጓሮ አቮካዶ፣ ሥር ሥሩን ደግሞ ጌሾና ጥቂት ቡና። ማንጎው በዕድሜ ይበልጠኛል።

ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ አይሞቅም የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። መጋቢትና ሚያዝያን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይዋልና ያውራኝ። ያኔ ነው የጥላ ዋጋ የሚገባችሁ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዓመት ከሚወርደው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚወርድ ነው፣ አፈሩ ይጠግባል፣ ይላላል፣ ከዚያ ማታ ማታ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳና ቀን ስታመሰግኑት የዋላችሁትን ዛፍ ሌሊት አልጋ ላይ ሆናችሁ ትፈሩታላችሁ። እናቴ ነፋስ ሲነሳ ከማድ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ማንም እንዳይተኛ ታዝዝ ነበር።

ዛፍ ሲያስፈራን የምናደርገው የታወቀ ነው። ምሳር የያዘ ሰው እንጠራለን። ሰውየው ይወጣል፣ አናቱን ይመታዋል፣ ቅርንጫፎቹን ከወገባቸው ይጥላቸዋል፣ ግንዱ ብቻውን ቆሞ ይቀራል፣ እኛም «በቃ፣ አሁን ነፋስ አያገኘውም» ብለን እንተኛለን። ጎረቤታችን ግራቪሊያቸውን እንደዚህ ሙልጭ አድርገው አስላጩት። ዛፉ አልሞተም። ክረምቱ ሲመጣ በተቆረጠው ጫፍ ዙሪያ ቀጫጭን ቡቃያ አቆጠቆጠ፣ ቡቃያው ሽቅብ ተወነጨፈ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዛፉ የድሮ ቁመቱን መልሶ አገኘ። ችግሩ አዲሶቹ ቅርንጫፎች ከግንዱ ጋር አብረው ያደጉ አይደሉም። የበቀሉት ከቅርፊቱ ሥር ነው፣ መያዣቸው ስስ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ ዝናብ እየገባበት ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ስለዚህ ቁመቱ ያው፣ ጥንካሬው ግን ከቀድሞው ያነሰ ዛፍ ይሆንላችኋል ማለት ነው። ከእነዚያ ቅርንጫፎች አንዱ ተገንጥሎ የኛ አጥር ላይ አርፏል። ለዚህ ነው ጉዳዩን በደንብ የማውቀው።

ልጆቹን ያገኘኋቸው ችግኝ የሚሸጡ ሰዎችን ጠይቄ ነው። በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አላስፈቀድኳቸውም። ኃላፊያቸው የዘጌ ልጅ ነው። ዘጌ ላይ በልማዱ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የአገሬው ኑሮ ቡናው ነው፣ ቡናው ደግሞ ያለ ጥላ ዛፍ አይሆንም። ልጁ ከቡና በላይ ያለ ዋንዛ ምን ያህል መከፈት እንዳለበት እያየ ነው ያደገው። ከዚያ ላይ ትንሽ ኮርስ ወስዷል። የቀረው ከሥራው የመጣ ነው።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት መጋዝ የሚባል ነገር አላወጡም። ይሄ እናቴን አበሸቃት። «ለማየት ነው እንዴ የመጡት? እኛም እኮ እናየዋለን» አለች፣ እንዲሰሙ አድርጋ። ልጁ ምንም አልመለሰም። ዛፎቹን ዞረ። ከሥር አፈሩን በእጁ ጫር ጫር አደረገ፣ ግንዱን በእንጨት መዶሻ ከታች ወደ ላይ እየመታ ጆሮውን አስጠጋ። ዋንዛው ላይ አንድ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ጠንከር ያለው ኳኳታ ቀረና ዱም ዱም ማለት ጀመረ።

«እማማ ይምጡ ይስሙት፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው» አላት።

እናቴ መዶሻውን ተቀብላ ራሷ መታችው። ከዚያ በኋላ ኩርፊያው ቀረ።

ባዶ ነው ሲባል እኔ አለቀለት ብዬ ነበር። አይደለም ለካ። ዛፍ የሚኖረው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነው፣ መሀሉ ድሮም የሞተ እንጨት ነው፣ ሥራው ደግፎ ማቆም ነው። ዋናው ጥያቄ በቀዳዳው ዙሪያ የቀረው ጤነኛ እንጨት ምን ያህል ወፍራም ነው የሚለው ነው። ልጁ በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ለካውና ይቆይ አለ። አንድ ሌላ ነገርም ነገረን። ዛፍ ሲቆስል እንደኛ ሥጋው አይጠግግም። የበሰበሰውን ክፍል አጥሮ እዚያው ይተወዋል፣ በላዩ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። ስለዚህ ሰዎች ቀዳዳ ባዩ ቁጥር የበሰበሰውን በመሮ ፈልፍለው ሲሚንቶ የሚሞሉት ነገር፣ ዛፉ የሠራውን አጥር ማፍረስ ነው። በከተማችን ሲሚንቶ የተሞላ ዛፍ አይቻለሁ፣ እናንተም አይታችኋል።

ከቀዳዳው ይልቅ እሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ግንዱ ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ የጅብ ጥላ በቅሏል ወይ? ከበቀለ ሥሩ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል፣ ያ ከላይ ካለ ቀዳዳ በጣም የከፋ ነው። ሁለት ግንድ የሚገናኝበት ቦታ ጠባብ ሆኖ መሀሉ ላይ ቅርፊት ተቀርቅሯል ወይ? እንዲህ ያለው መገናኛ ቀን ጠብቆ የሚሰነጠቅ ነው። ዛፉ ያዘነበለው መቼ ነው? ዕድሜውን ሙሉ አዘንብሎ የኖረ ዛፍ ሥሩንም ለዚያው አበጅቶታል፣ አትፍሩት። ባለፈው ሳምንት ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ከዝናብ በኋላ ካዘነበለ፣ ይልቁንም ካዘነበለበት በተቃራኒው በኩል አፈሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከተነሳ፣ ልጆቻችሁን ከሥሩ አስነሱና ያኔውኑ ሰው ጥሩ። እነዚህን ነገሮች ማንም ሰው በራሱ ግቢ ማየት ይችላል፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ቆረጣው። ይሄን ቆሜ ነው ያየሁት፣ ስለዚህ በዝርዝር ልናገር።

ማድ ቤቱ ላይ ያጋደለ የዋንዛ ቅርንጫፍ ነበር፣ ውፍረቱ የሰው ጭን ያህላል። የሚወጣው ልጅ መታጠቂያውን አጥብቆ፣ ገመዱን ከላይኛው መንታ አሳልፎ ወጣ። የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ ለብቻው በሌላ ገመድ አሰረው፣ የገመዱን ጫፍ ታች ያሉት ሁለቱ ያዙ። ከዚያ ከላይ መቁረጥ ሲጀምር ስጠብቅ ከሆዱ በኩል ጀመረ። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ የውፍረቱን ሩብ ያህል ብቻ ገዘገዘና ተወው። ቀጥሎ ትንሽ ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ከላይ ወደ ታች ቆረጠ። ቅርንጫፉ ቋ ብሎ ተለየ፣ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ፣ ታች ያሉት ቀስ አድርገው ከቆርቆሮው አሳልፈው አወረዱት። የሥረኛው ቁርጥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እሱ ባይኖር ቅርንጫፉ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ልጦ ይዞት ይወርድ ነበር። ገጀራና ምሳር የያዙ ሰዎች በቆረጧቸው ዛፎች ላይ የምታዩት ያ ረጅም ጠባሳ ከዚህ የመጣ ነው።

የቀረውን ጉቶ በሦስተኛ ቁርጥ አነሳው። እዚህ ላይ ነው ሙያው። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ቦታ ትንሽ ያበጠ፣ ቅርፊቱ የተጨማደደ አንገት አለው። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋበት አቅም ያለው እዚያ አንገት ውስጥ ነው። ከግንዱ ጋር ለጥ አድርገህ ከቆረጥከው አንገቱን ወሰድክበት፣ ጉቶ ከተውክ ደግሞ ጉቶው ይደርቅና ምስጥና ፈንገስ መግቢያ ያገኛል። ስለዚህ አንገቱን ሳይነኩ ልክ ከሱ ውጭ። ወራት ቆይቼ መሰላል ወጥቼ አየሁት፣ ከቁስሉ ዙሪያ አዲሱ ቅርፊት እንደ ከንፈር ወፈር ብሎ ወደ ውስጥ መጠቅለል ጀምሯል። በዙሪያው እኩል ነው። ጥሩ ቆረጣ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ይሄን ጊዜ ጎረቤታችን መጡ፣ ባለ ግራቪሊያው፣ በጣም ደግ ሰው ናቸው፣ ከበር የተረፈ ዘይት ቀለም በቆርቆሮ ይዘው። «ቁስሉን ቅቡት እንጂ፣ ውሃ ይገባበታል» አሉ። ልጁ በትሕትና እምቢ አላቸው። ቀለምም ሆነ የተቃጠለ ዘይት እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፣ መበስበሱን አያስቆመውም፣ ዛፉ ራሱ የሚዘጋውን ያዘገይበታል። ጋሼ አልተዋጠላቸውም። ቀለሙን ይዘው ቆሙ፣ ትንሽ ቆይተውም ሄዱ።

ማንጎው ላይ ብዙ አልቆረጡም። መጀመሪያ በመጡበት ጊዜ ፍሬው ገና ስለነበር የደረቀውን ብቻ አወጡ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ በማንኛውም ወቅት ይነሳል። ዋናውን ሥራ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ተመልሰው ሠሩት። መሀል መሀሉን ከፈቱት፣ ነፋስና ብርሃን እንዲያልፍ። ግን ውስጡን ሁሉ አጽድተው ቅጠሉን ጫፍ ላይ ብቻ አልተዉትም፣ ይሄም ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ያምራል፣ ክብደቱ ሁሉ ጫፍ ላይ ስለሚቀር ግን ቅርንጫፉ በነፋስ ይሰበራል። ልጁ ደንቡን ሲነግረኝ በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅጠል ከሩብ በላይ መውሰድ አይገባም፣ ያረጀ ከሆነ ከዚያም ያነሰ ይሁን ነው ያለው። ዛፍ የሚበላው በቅጠሉ ነው።

ቅጠሉን ገልብጦ ደግሞ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሳየን። ነጩ የማንጎ ተባይ ነው፣ በ2010 እንደ ፈረንጆቹ ምሥራቅ ወለጋ ላይ መጀመሪያ ታይቶ በአገሪቱ የተስፋፋው። ፍሬው ላይ ሮዝ ዓይነት ምልክት ይተዋል፣ ገበያ ላይ ዋጋውን ይጥለዋል። የታፈነ፣ ጨለማና እርጥብ ዛፍ ይመቸዋል። የተቆረጠውን ቅጠል ግቢ ውስጥ ከምረን እንዳንተወው፣ እንድንቀብረው ወይም እንድናቃጥለው ነገረን፣ ያንን ራሳቸው ሠርተውታል። እናቴ የዓመታት የልብስ መስጫ ሽቦዋ ማንጎው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጎትተው አላወጡትም፣ ቢያወጡት ቁስሉ ይብሳል። በሁለቱም በኩል ቆርጠው የተዋጠውን እዚያው ተዉት። አሁን ልብስ የምናሰጣው በብረት ምሰሶ ላይ ነው። እናቴ ግን ምሰሶውን አልወደደችውም።

አቮካዶው ሌላ ታሪክ ነው። ሥሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል፣ የኛ ግቢ ደግሞ ከኋላ በኩል ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ጫፉ መመናመን የጀመረው ለዚያ ነው አሉ። ከመቁረጥ ይልቅ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ቆፈሩ፣ ቦዩንም ከዛፉ ራቅ አድርገው። ፀሐይ በቀጥታ እንዲያገኘው የሆነውን ቅርፊት በቀጠነ ነጭ ኖራ ቀቡት። «ቅድም ቀለም አይቀባም አላላችሁም?» አልኩት። ቁስል ላይ አይቀባም፣ ይሄ ግን ጥላ ውስጥ ኖሮ ድንገት ፀሐይ ለመታው ጤነኛ ቅርፊት ነው አለኝ።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት ስለ ሥር ነው። እኛ ሥር ሲባል ወደ ታች የሚሄድ ነው የሚመስለን። አብዛኛው የዛፍ ሥር ግን ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ አፈር ውስጥ ነው ያለው፣ ወደ ጎን ደግሞ ከጥላው አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ አስቡት፣ ግቢያችንን ኮብልስቶን ስናነጥፍ፣ የአጥር መሠረት ስናወጣ፣ የቧንቧ መስመር ስንቆፍር ምን እየቆረጥን እንደሆነ። የአንድ ወገን ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ በጋውን ቆሞ ይውላል። የሚወድቀው አፈሩ በጠገበ ማግስት ነው፣ ያኔ «ነፋስ ጣለው» እንላለን። ልጆቹ ከማንጎው ሥር የነበረውን ንጣፍ አንስተው ክብ አድርገው ከፈቱት፣ ዓመት ዓመት ከግንዱ ላይ ስንከምረው የኖርነውን አፈር ገለጡት፣ በቦታው ደረቅ ቅጠልና የተከተፈ ቅርንጫፍ ጎዘጎዙ። ጉዝጓዙ ከአራት ጣት ብዙም አይበልጥ፣ ግንዱን ደግሞ አይንካ።

በሉ አሁን ቅሬታዬን ስሙ።

ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም። ጠዋት ብለው ከሰዓት ይመጣሉ፣ ከሰዓት ብለው በማግስቱ። ስልክ ያነሳሉ፣ እሱን አልክድም፣ «መንገድ ላይ ነን ጋሼ» ይላሉ። መንገዱ የት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የሚወጣው ልጅ ሄልሜትም መታጠቂያም አለው። ታች ያሉት ግን አንዱ በነጠላ ጫማ ነው የሠራው፣ ራሱ ላይም ምንም የለም፣ ቅርንጫፍ የሚወርደው ደግሞ እሱ ላይ ነው። ይሄን ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁ። የሚያስቅ ነገር አይደለም።

የእናቴን ጌሾ ረጋገጡት። አሸንዳውን አጎበጡት፣ ቢሆንም ሳይጠየቁ አቃንተውታል። መጋዝ ብናኙን ጠርገው አልሄዱም።

ትልቁ ጭቅጭቅ በእንጨቱ ነው። ዋንዛ ጥሩ ጣውላ እንደሚወጣው ይታወቃል፣ ወፍራሙን ቁራጭ እነሱ የዋጋው አካል ነው ብለው አስበው ኖሯል። ለእናቴ ደግሞ ባሏ የተከለው ዛፍ ነው። ጋሪ ጠርተው ሊጭኑ ሲሉ በር ላይ ቆመች። በመጨረሻ ወፍራሙ ለኛ፣ ማገዶው ለነሱ ሆነ። ይሄ ሁሉ ግን ቀድሞ ሊነገር የሚገባው ነገር ነበር፣ መናገር ያለባቸውም ባለሙያዎቹ ናቸው።

ወደ መንገዱ ያለፈውን፣ መብራት ሽቦ የሚነካውን ቅርንጫፍ አልነኩም። «እሱን ለመብራት አገልግሎት ያመልክቱ፣ መስመሩ ሳይጠፋ አንወጣም» አሉ። ተጨማሪ እከፍላለሁ አልኩ፣ እምቢ። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ገመዱም እንደዚያው። ከሠሩት ሥራ ሁሉ ይበልጥ ያመንኳቸው በዚህ ነው።

ክረምቱ መጣ። በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ነበረ፣ ሰፈራችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ወድቋል፣ ማንጎውም ፍሬ ያልያዙ ትንንሽ ቅርንጫፎች ጥሏል። ከኛ ትልቅ ነገር አልወደቀም። የነሱ ሥራ ነው ያዳነን ብዬ አልምልም፣ ነፋሱ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ቢሆንስ? ልጁ ራሱ በደንብ የተገረዘ ዛፍም ሊወድቅ እንደሚችል፣ አደጋው እንደሚቀንስ እንጂ እንደማይጠፋ ነግሮናል። ከማድ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ግን ሰው ይተኛበታል።

ዋጋቸው ምሳር ይዞ ከሚመጣው ሰው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በቀን አይደለም የሚያስከፍሉት፣ ዛፉን አይተው በዛፍ ነው። ለአንድ ጤነኛ ወጣት ዛፍ እነሱን መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው፣ ትንንሹን ቅርንጫፍ ራሳችሁ በስለታም የእጅ መጋዝ ትችሉታላችሁ። ቤት ላይ ያጋደለ፣ ቀዳዳ ያለው፣ ወይም ሰው ሥሩ የሚቀመጥበት ያረጀ ዛፍ ካላችሁ ግን ይገባቸዋል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከየካቲት ጀምሮ ያዟቸው፣ ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ ሰው ሁሉ እነሱን ነው የሚፈልገው፣ አታገኟቸውም። እንጨቱ የማን እንደሚሆን ሥራ ሳይጀመር ተነጋገሩ። አካባቢውን ጠርገው እንዲሄዱም ዋጋ ስትነጋገሩ አስገቡት። ደረሰኝ የምትፈልጉ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከሥራው በኋላ ከሆነ ደብተሩ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው።